ባለቤት ያጣ ጉድጓድ

«እዚያችም ላይ ድፋበት። ለአንዲት ክንድ መሬት ብለህ ሥራህን አታበላሽ።»

ያለምወርቅ ይህን የሰማችው ፊቷን ሳሙና ተለቅልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳለች ነው። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ በሪሁን ነው፤ ታዛዡ ግንበኛ፣ የሚደፋው ደግሞ ሲሚንቶ። ሳሙናው እያቃጠላት ዓይኗን ገልጣ ብታይ ግንበኛው የተቦካውን ሲሚንቶ በካሪዮላ ሞልቶ የግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። በዚያች ጥግ ዐሥር እግር ጤና አዳም አለ። ያለምወርቅ የተከለችው፣ ዘጠኝ ዓመት እጣቢ እያጠጣች ያሳደገችው፣ በየማለዳው ቀንበጥ ቀንበጡን እየቀጠፈች በርበሬ በረንዳ ዙሪያ ላሉት ቡናና ሻይ ሻጮች አንዱን እስር በዐሥር ብር የምትሸጠው ጤና አዳም። በቀን መቶ ሃምሳ፣ ሲቀናት ሁለት መቶ ብር ታገኝበታለች። ሀብት አይባልም፤ ግን እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ የወንድሟን እጅ ሳታይ የኖረችው በሱ ነው።

ቤቱ ከእናታቸው የቀረላቸው የቀበሌ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና መሐላቸው አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነ ግቢ። ሰፊው ክፍል የበሪሁን ነው፣ ቤተሰብ አለውና። ጠባቡ የያለምወርቅ ነው፣ ቤተሰብ የላትምና። ይህን ማን እንደወሰነ የሚያስታውስ የለም። ግቢው ግን የጋራ ነበር። በሪሁን ካቻምና ዝናብ እንዳያስቸግር ብሎ ከጥጓ በቀር ቆርቆሮ አለበሰው። አምና ነፋስ እንዳይገባ ብሎ ግድግዳ አቆመለት። ዘንድሮ ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ነገር ሊሾ ያስፈልገዋል አለ። እውነቱን ነው፤ ሽኩር የሚባል የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ በወር ሃያ አምስት ሺህ ብር ሊከራየው ተስማምቶ «እርጥብ አፈር ላይ ግን በርበሬ አላሳድርም፣ ይሻግትብኛል» ብሎታል። ለያለምወርቅ የነገራት ሰው የለም። በዚያ ቤት ጠብ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ጠብ ንግግር ይፈልጋል። እህትና ወንድም ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ፣ እግዜር ይመስገን ይባባላሉ፤ የቀረውን ሁሉ በግድግዳው በኩል ይሰማሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህች ሰዓት ይጮህ ነበር። ያለምወርቅ ግን ዝም አይነቅዝም በሚለው ተረት ከልቧ የምታምን ሴት ናት። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ግንበኛውን ዐሥር ደቂቃ እንዲሰጣት ለመነችው።

«እትዬ፣ ሲሚንቶው ይደርቅብኛል እኮ» አለ ግንበኛው አንገቱን ደፍቶ።

«ጤና አዳሙም ይደርቅብኛል።»

በሪሁን ስልኩን እየነካካ «በፌስታል አድርጊው» አለ። «ዛሬ ሰው ጎመንም በፌስታል ነው የሚያበቅለው። በቴሌቪዥን አላየሽም?»

አላየችም፤ ቴሌቪዥኑ ያለው ሰፊው ክፍል ውስጥ ነው። በቢላዋና በአሮጌ ጭልፋ እየፈነቀለች፣ ሥሩ የያዘውን አፈር እንዳያራግፍ በመዳፏ እየደገፈች ዐሥሩንም አንድ በአንድ አወጣችና ሳፋ ላይ ደረደረች፤ በላዩም እርጥብ ጆንያ ጣለችበት። የመጨረሻውን ስታነሳ ግንበኛው ካሪዮላውን ገለበጠው። ጤና አዳም ከሥሩ መነቀል አይወድም። ፀሐይ ሳይበረታ አፈር ካላገኘ ምሳ ሰዓት ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ማገዶ ነው፤ እሷም ከሱ ጋር የወንድሟን እጅ መጠበቅ ልትጀምር ነው። ይህን እያሰበች ሳፋዋን ወገቧ ላይ ደግፋ ስትወጣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

መርካቶ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ አፈር የለም። ያለምወርቅ በርበሬ በረንዳን ዞረች። መሬቱ ቀይ ነው፣ ግን ቀዩ በርበሬ እንጂ አፈር አይደለም፤ ያተረፈችው ማስነጠስ ብቻ ነው። ከአንድ አዲስ ሕንፃ ደጃፍ የተደረደሩ የአበባ ማስቀመጫዎች ስታይ ልቧ ዘለለ። ጠጋ ብላ በጣቷ ብትነካ አበባው ፕላስቲክ፣ ቅጠሉ ፕላስቲክ፣ አፈሩም ቡናማ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ሆኖ አገኘችው። የሕንፃው ጥበቃ «እናቴ፣ አይነካም፣ ይቆሽሻል» አላት። ወደ አማኑኤል ብትወጣ አፈር አይጠፋም፤ ግን እዚያ ድረስ ማን ውሃ ያመላልሳል፣ ማንስ ይጠብቃል? ሳፋው እየከበዳት ሄደ። ጆንያውን ገለጥ አድርጋ ብታይ የአንደኛው ቅጠል ጫፍ መልፈስፈስ ጀምሯል።

አፈሩን ያገኘችው ማንም በማይፈልገው ቦታ ነው። ከበርበሬ በረንዳ ወደ ጭድ ተራ የሚወርደው መንገድ፣ በወረቀት ላይ አስፋልት የሚባለው፣ ዐሥር ጉድጓድ አለው። ነዋሪው ከዕድሜያቸው የተነሳ ስም አውጥቶላቸዋል፤ ትልቁ ባኞ ይባላል፣ ቀጥሎ ያለው ድስት፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ የወረዳ ኃላፊ ለጉብኝት መጥተው የግራ ጫማቸውን ስለተዉበት ሹሙ። ስለ ጉድጓዶቹ ሠላሳ ሁለት ሰው ፈርሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አቤት ብሏል፤ መልሱም ሦስት ዓመት ሙሉ በዕቅድ ተይዟል የሚል ነበር። አሁን ጥቅምት ነው። ክረምቱ ጥቁር ደለል አምጥቶ ጉድጓዶቹን እስከ ግማሻቸው ሞልቷቸው ሄዷል። ነፋስ ከጭድ ተራ ያመጣው ገለባና ጭነት የሚያመላልሱት አህዮች የጣሉት ፋንድያ ተጨምሮበት ሲብላላ ከርሟል። ያለምወርቅ ጎንበስ ብላ ከባኞ አንድ እፍኝ ዝቃ አሸተተች። እንዲህ ያለ አፈር በእድሜዋ አልገጠማትም።

ማንንም አላስፈቀደችም። በመርካቶ የሰው ደጃፍ ላይ ዕቃ ያስቀመጠ ይደበደባል፣ ጥላ ሥር የቆመም «ምን ልታዘዝ» ይባላል፤ ጉድጓድ ውስጥ የተንበረከከች ሴት ግን ማንም ምንም አላላትም። ከላይ ጀምራ ወደ ታች አንድ አንድ እግር ተከለች፣ በሁለት እጇ ጠቀጠቀች፣ ከሻይ ሻጯ ከናኢማ በተበደረችው ጀሪካን አጠጣች። ዐሥረኛውን ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ዐሥር ለምለም ነገር ከአስፋልቱ ላይ ብቅ ብሎ ሲታያት ደስ አላት። ከዚያ ወዲያው ፍርሃት ያዛት። ማለዳ ስለነበር እንጂ ይህ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው አይሱዙ ሲመጣ ዐሥሩንም ይደፈጥጣቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። የአገራችን ሾፌር መኪና ሲበላሽበት ከኋላው ለሚመጣው ማስጠንቀቂያ የሚያኖረው ቅጠል ነው። ደንቡ የሚያንጸባርቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አቁም ይላል፤ ምልክት ግን ይሰረቃል፣ ቅጠል አይሰረቅም። ስለዚህ ከሞያሌ እስከ መተማ አስፋልት ላይ ለምለም ቅጠል ያየ ሾፌር ሁሉ ከፊቴ የተበላሸ መኪና አለ ብሎ ያነበዋል። መንጃ ፈቃዱን በዘመድ ያወጣውም ቢሆን ይህችን ትምህርት አይስታትም። የዚያን ዕለት የመጀመሪያው አይሱዙ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ሾፌሩ አንድ ቅጠል አየና ቀዝቀዝ አለ። ሁለተኛውን አየና ቆመ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል ሲመለከት ቅጠሉ ተሰልፎ እስከ ጭድ ተራ ይወርዳል። ለአንድ መኪና አንድ ቢበዛ ሁለት ቅጠል ይበቃዋል፤ ዐሥር ቅጠል ያስጣለ ነገር የዋዛ አይሆንም። «ቦቴ ነው» አለው ለረዳቱ። ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ለቆመው ሚኒባስ ቦቴ ተገልብጧል አለ። ሚኒባሱ ዞሮ ሲሄድ ለታክሲዎቹ ተናገረ። ወሬው አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ቦቴው የጫነው የምግብ ዘይት ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ በመንገዱ አንድም መኪና አልነበረም፤ ጀሪካን የያዘ ሰው ግን ሞልቶ ፈሰሰ። መጀመሪያ የመጡት ዘይት ፍለጋ መጡ፤ በኋላ የመጡት ሰልፍ ስላዩ ተሰለፉ። ቦቴው የታለ ብለው የጠየቁ አንድ ሽማግሌ «አባባ፣ ተራዎን ይጠብቁ» ተባሉ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ተራ አስከባሪ በየሰዉ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር እየጻፈ ዐሥር ዐሥር ብር ይቀበል ጀመር። ግፊያው ሲበረታ ሦስት እግር ጤና አዳም ከነሥሩ ተረገጠ። ያለምወርቅ «ኧረ ተክሉን! ኧረ በማርያም!» ብላ ብትገባ አንዲት ሴት በክርኗ ገፍታ «አትጋፊ፣ ከኋላ ተሰለፊ» አለቻት። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ዘይትም ቦቴም እንደሌለ ሲታወቅ ሰዉ መንግሥትን እየረገመ ተበተነ፤ መዳፉ ላይ ቁጥር አንድ የተጻፈበት ሰውዬ ግን ቦታውን ላለማስነጠቅ እስከ አምስት ሰዓት ቆሞ ነበር።

የቀረው ባዶ መንገድ ነው፤ መርካቶ ደግሞ ባዶ ቦታ አይቶ አያልፍም። በአንድ ጊዜ ሸራ ተነጠፈ፤ ካልሲ፣ የስልክ ቀፎ፣ የሕፃን ጡጦ፣ አንድ እግሩ ብቻ የተገኘ ቆዳ ጫማ ተዘረጋ። ሁሉም ግን ጤና አዳሙን እየሸሸ ነው የዘረጋው፣ ምክንያቱም መኪናውን ያስቀረው እሱ መሆኑን ሁሉም ተረድቷል። አንድ ካልሲ ሻጭ ለደንበኛው ቦታ ሲጠቁም «ጤና አዳም ተራ ነኝ፣ ከላይ ሁለተኛው ቅጠል ጋ» ሲል ያለምወርቅ በጆሮዋ ሰማች። አንድ ደላላ ደግሞ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቅጠል መካከል ለአንድ ባለ ሸራ አሻሽጧል። የዚያ ሰፈር የወዛደሮች አለቃ የሆነው ሁዛይፋ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ አጠገቧ ቆም አለ።

«እትዬ ያለምወርቅ፣ አላህ ይስጥዎት። ሃያ ዓመት ስሸከም ክላክስ ሳይነፋብኝ ያለፍኩት ዛሬ ነው።»

ያለምወርቅ ጀሪካኗን አንስታ ወደሚቀጥለው ቅጠል አለፈች። ያደረገችው ነገር ሰፈር መለወጡ ግራ አጋብቷታል። እሷ የፈለገችው ሰባቱ ቅጠሎች ሥር እንዲይዙ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች እየተመላለሰች ውሃ ታጠጣለች፣ ዘንበል ያለውን ታቃናለች፣ ለማሽተት የሚቀነጥበውን ትቆጣለች። ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ እንኳ አንዱም አልጠወለገም ነበር።

በዚያው ሰዓት በሪሁንና ሽኩር ከቅያሱ ወጥተው መጡ። የሽኩር ሾፌር ለመጋዘኑ የሚሆን ርብራብ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ቅጠል አይቶ ተመልሶ ነበር። ሽኩር ሲቆጣ ድምፁ ይለሰልሳል፤ አሁን በጣም ለስልሷል።

«በሪሁን፣ ወንድሜ፣ ከነገ ወዲያ ስድሳ ኩንታል ከሃላባ ይገባል። መኪና በሩ ድረስ ካልመጣ መጋዘኑ ለኔ ምኔ ነው? ከመሳለሚያ በሰው ጀርባ ላስጭን ነው? መንገዱ ከተከፈተ እገባለሁ። ካልተከፈተ ወላሂ ሌላ ቦታ አይቻለሁ።»

በሪሁን መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ሹሙ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ የቆመችውን ጤና አዳም አየ። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ እየተራመዳት ያለፋት ናት፤ አላጣትም። ቀና ሲል ያለምወርቅን ጀሪካን ይዛ አያት። ይህን ጊዜ አንድ ትራፊክ ፖሊስ የተበላሸውን መኪና ሲፈልግ ውሎ ላቡን እየጠረገ ደረሰና «ይህን ያስቀመጠው ማነው?» ብሎ ጮኸ። «ማነው? ይናገር! ባለቤቱ ሕግ ፊት ይቀርባል!» ባለ ሸራዎቹ ሰማይ ሰማይ አዩ። ሁዛይፋ ጆንያውን አስተካከለ። በሪሁን ጣቱን ወደ እህቱ ሊያነሳ ምንም አልቀረውም፤ ያለምወርቅም ይህን ከዓይኑ አየች። ግን ትራፊኩ ይህችን ሴት ይዞ ቤቷ ድረስ ቢመጣ ምን ያያል? ያለ ፈቃድ የቆመ ግድግዳ፣ ያለ ፈቃድ የለበሰ ቆርቆሮ፣ ገና ያልደረቀ ሊሾ። በሪሁን ጣቱን ወደ ጆሮው አዙሮ ማከክ ጀመረ። «እኔ እንጃ፣ የሚታወቅ ሰው አይመስለኝም» አለ። ትራፊኩ አንዷን ለማስረጃ ነቀለና መዝገቡ ላይ «ምልክቱ አለ፣ ተሽከርካሪው ተሰውሯል» ብሎ ጽፎ ሄደ። እህትና ወንድም ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደየሥራቸው ዞሩ።

ሠላሳ ሁለት ፊርማ በሦስት ዓመት ያላመጣውን አራት ስልክ በሁለት ሰዓት አመጣው። ዕቃቸው የቆመባቸው አስመጪዎች ናቸው የደወሉት፤ ለማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጨስ አስፋልት የጫነ መኪና፣ አንድ ሮለርና ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ስምንት ሰዎች ከላይ በኩል ደረሱ። ባለ ሸራዎቹ ገና ጭሱን ሲያዩ ሸራቸውን በአራት ማዕዘኑ ይዘው ብትን አሉ፣ ጤና አዳም ተራ ከአምስት ሰዓት ያልበለጠ ዕድሜ ኖሮ አለፈ። ያለምወርቅ ከታች፣ ጭድ ተራ ጋ ሆና ታጠጣ ነበር። ሽቅብ ሮጣ እስክትደርስ ባኞና ድስት ከነጤና አዳማቸው ተደፍነው ሮለሩ በላያቸው እየተመላለሰ ነበር። የሬንጁ ሽታ ከጤና አዳሙ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲመጣባት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። የሥራው አለቃ ሀብተ ወልድ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የሴትየዋን ልቅሶ ሲያዩ ሮለሩን አስቆሙ።

«ምን ሆነው ነው እትዬ? ሰው ተጎዳ?»

«እባክዎ አይድፈኑብኝ። አፈር የለኝም።»

ሀብተ ወልድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ጉድጓድ አትድፈን ብሎ የለመነኝ የለም» አሉ። «ታዝዤ ነው እንግዲህ። የቀሩትን ይንቀሉ፣ እጠብቅዎታለሁ።» ሠራተኞቻቸውም ሊያግዟት ጎንበስ አሉ። አራት እግር ከነአፈሩ ወጣ። በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ የተነቀለ ሥር ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አፈር ካልቀመሰ እስከ ነገ አይደርስም።

መንገዱ ተደፍኖ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ የሆነው ግን ለያለምወርቅ ከሁሉ የከፋ ነው። ነገሩን የሰማ የየሰፈሩ ሰው አራቱን ጤና አዳም ከሷ ሊገዛ መጣ። አንዲት ባለ ሱቅ ከጎን ቅያስ መጥታ «እትዬ፣ አንዷን ለኛ ጉድጓድ፣ ሦስት መቶ ብር እሰጥዎታለሁ» አለቻት። አንድ ዳቦ ቤት ያለው ሰው አምስት መቶ ሰጠ። በእስር ዐሥር ብር የሚሸጥ ቅጠል ዋጋው እንዲህ የናረው ለቡና ወይም ለመድኃኒት ተፈልጎ አልነበረም፤ ሬንጅ እንዲፈስበት ነው። ያለምወርቅ ለእያንዳንዱ «ጉድጓዱ ሲደፈንስ ተክሉ የት ይሄዳል?» ትላለች፣ እነሱ ደግሞ ጥያቄው ሳይገባቸው ሃምሳ ብር ይጨምራሉ። አምስት መቶ ብር ለሷ የሦስት ቀን ገቢ ነው፣ ልቧ ያልፈለገው አይምሰላችሁ። ግን አራቱን ከሸጠች ከነገ ወዲያ ምን ትቆርጣለች? የመርካቶ ሰው በሙሉ ጉድጓድ እንዲደፈንለት በሚለምንበት ሰዓት ጉድጓድ የምትለምን እሷ ብቻ ሆነች። ሳፋዋን አንስታ ወደ ሀብተ ወልድ ሄደች።

«የማትደፍኑት ጉድጓድ የለም?» አለቻቸው።

ሀብተ ወልድ ወቀሳ መሰላቸውና ወረቀታቸውን አወጡ። «ዝርዝራችን እዚህ ቱቦው ጋ ያልቃል እትዬ። ያ እዚያ ቅያሱ አፍ ላይ ያለው የኛ አይደለም። እኛን ያሰማራን የላይኛው ወረዳ ነው። የላይኛው ወረዳ ወሰኔ ቱቦው ነው ይላል፤ የታችኛው ወረዳ ደግሞ ወሰኔ የሚጀምረው ከግንቡ ነው ይላል። ጉድጓዱ ያለው በቱቦውና በግንቡ መካከል ነው። ደብዳቤው ሲመላለስ ስምንት ዓመቱ።»

የጠቆሙት ጉድጓድ የሷው ቅያስ መግቢያ ላይ ያለው ነበር። ጠዋት ግንበኛው አሸዋ ከምሮበት ስለነበር ከቁጥር አላስገባችውም፤ አሸዋው አሁን ሊሾ ሆኗል። ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ በደለል ተሞልቷል።

«ታዲያ ማን ይደፍነዋል?»

«ማንም።»

«እርግጠኛ ነዎት? አይማሉልኝም?»

«እትዬ፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ፣ ልጄም ጡረታ ወጥቶ፣ ያ ጉድጓድ እዚያው ነው።»

ያለምወርቅ ሰውዬውን ልታቅፋቸው ምንም አልቀራትም። በቀበሌ ቤት የምትኖር፣ ዛሬ ትነሺ ነገ ትነሺ ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ ይዞታው እንዲህ የተረጋገጠ መሬት በአዲስ አበባ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ሮጣ ሄዳ ተንበረከከችና አፈሩን በጭልፋዋ መዛቅ ጀመረች።

የመጀመሪያዋን እግር ስታስገባ ከኋላዋ የበሪሁን ድምፅ መጣ። «ያለምዬ!» ያለምዬ ብሎ ከጠራት እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እሱም ሲያሰላ ነበር የዋለው። ዋናው መንገድ ቢሠራም የሽኩር መኪና መጋዘኑ ጋ ለመድረስ ይህን ጉድጓድ መሻገር አለበት፤ ስድሳ ኩንታል ጭኖ ከገባበት አይወጣም። የጥገናው ሰዎች ደግሞ ገና አልሄዱም፣ ቅጠል ያለበትን ሁሉ ደፍነዋል። «ጎበዝ፣ እኔም ይህንኑ ልልሽ ነበር!» አለና ሲያስቀይማት መዋሉን ሁሉ ረስቶ ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «አራቱንም እዚሁ አድርጊያቸው፣ ከሩቅ እንዲታይ። ፍጠኚ፣ ሳይሄዱ።»

እሷም ፈጠነች። በሪሁን በእጁ አፈር ጫረ፤ ቤት ሮጦ አንድ ጀሪካን ውሃ አምጥቶ አጠጣ። አራቱ ተያይዘው ሲቆሙ አንድ ቁጥቋጦ መሰሉ። ከዚያ ቀና ብሎ በሁለት እጁ እያውለበለበ ሀብተ ወልድን ተጣራ። ሀብተ ወልድ ከቱቦው ወዲያ ማዶ ቆመው ቁጥቋጦውን አዩት፣ ወረቀታቸውን አዩ፣ «የኛ አይደለም ወንድሜ» ብለው መኪናቸው ላይ ወጡ። ሮለሩም እያጓራ ተከተላቸው።

በሪሁን ትንሽ ከፋው፣ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። «ችግር የለም፣ የታችኛው ወረዳ ነው ማለት ነው። ነገ በጠዋት ሄጄ አቤት እላለሁ። መጥተው ቅጠሉን ካዩ በአንድ ቀን ነው የሚሠሩት፣ ዛሬ አላየሽም?»

«ሂድ» አለች ያለምወርቅ። «ማመልከቻም ጻፍ። ሰውም አስፈርም።»

«አስፈርማለሁ። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካው፣ ማስረጃ ነው።» ከግንቡ ሥር የቀሩትን ብሎኬቶች አንድ በአንድ እየተሸከመ አምጥቶ ዙሪያውን አጠረለት። ሁዛይፋና ጓደኞቹ ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ወደ ቤት ሲያልፉ «እንዳትረግጡ! ከረገጣችሁ ከኔ ጋር ነው!» አላቸው። ሁዛይፋ ያለምወርቅን አየ፣ እሷ ግን ቀና አላለችም።

ገና አንዱን ብሎኬት ሲያስተካክል ጭነት የያዘ አይሱዙ አዲሱን አስፋልት ይዞ መጣና ወደ ቅያሱ ለመታጠፍ አፍንጫውን አስገባ። ሾፌሩ ቅጠሉን አየና ፍሬኑን ያዘ። በሪሁን ብድግ ብሎ እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ቆመ። «የለም፣ የለም፣ በዚህ አይቻልም! ዙር! ና... ና... ወደ ኋላ ና... በቃ፣ አሁን ሂድ» እያለ መኪናውን ወደ ኋላ መልሶ ሸኘው። ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ ደስ ብሎት ወደ እህቱ ተመለሰ፣ «ሌላ ጀሪካን ላምጣ እንዴ? ደርቆ እንዳይቆየን» አለ። ያለምወርቅ አምጣ አለችው። ወንድሟ በጣም አሳዘናት፤ ግን አልነገረችውም።